የጀልባው ጋሪ

ባለቤቴ ሥራ ፈትቶ ቤት በዋለበት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ጀልባ ነበረን። ኮልፌ ውስጥ ጀልባ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም፤ ያን ጊዜም አልጠፋም። ጀልባው ረጅምና ጠባብ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ፣ ከፋይበር የተሠራ የዓሣ ማጥመጃ ነበር። ባለቤቴ በሾፌርነት ያገለገላቸው የውጭ አገር ሰው አብዮቱ ሲበረታ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ለእሱ ትተውለት ሄዱ። እዚያ ቤት ይሠሩ ለነበሩት ሌሎች ሶፋና ፍሪጅ ደረሳቸው። እኛ ጀልባ ደረሰን።

ክብደቱ የጉድ ነበር። ሰውዬው ለመያዣ፣ ለመቀመጫና ለዘንግ ማቆሚያ እያሉ ብረትና እንጨት ጨምረውበታል። ሁለት ጎልማሶች ጫፍና ጫፉን ይዘው ያነሡታል፤ ጥቂት ሄደው ግን ያስቀምጡታል። ጎረቤቶቻችን «ገንዳው» ይሉት ነበር። አንዱማ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «በጎቼን ውሃ ላጠጣበት፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ» ይል ነበር፤ በግ አልነበረውም።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታ ስለነበር የምንበላው አላጣንም። የጠፋው የባለቤቴ ዕረፍት ነው። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሣል፤ የሚሄድበት ግን የለም። የማይፈታውን ይፈታል፣ የተገጠመውን ይነቅላል። ሬዲዮኑን ከፍቶ ዜናው ሳያልቅ ይዘጋዋል። ምሳ ቀርቦለት ቆሞ ይበላል። ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ እኔን እየጠበቀ ግን አልነበረም። በዚያ ዘመን ሥራ የሌለው ወንድ ደጃፍ ላይ ቆሞ መታየቱም ደግ አይደለም፤ ዓይን ይስባል።

ወደ ደቡብ የጭነት መኪና የሚነዳ የድሮ ባልደረባው አንድ ቀን መጥቶ ዝዋይ ላይ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሰው እንደሚቀበል ነገረው። ባለቤቴ ከቀድሞ አሠሪው ጋር ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ሲወርድ ማጥመድ ተምሯል። በማግሥቱ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጀልባ የለንም፣ የራስህን ይዘህ የሁዳዴ ጾም ሳይገባ ውሃው ዳር ከተገኘህ እንጽፍሃለን፣ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ነው ብሎታል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ ያለ ነው፤ ገበያው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከጾሙ በፊት ያልገባ ሰው ለዓመቱ አልገባም ማለት ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። መኪና የሚደርሰው ግራሮቹ ሥር እስካለው ደረቅ መሬት ነው። ከዚያ እስከ ውሃው ለስላሳ አሸዋ ነው። ደግሞ አንድ ጊዜ አድርሶ መተው የለም፤ ሌባ ስላለ እያንዳንዱ ሰው ጀልባውን በየማታው አውጥቶ ግራሮቹ ሥር ዘበኛው ዘንድ ያሳድራል፣ በየጠዋቱ መልሶ ያወርዳል። የማኅበሩ ሰዎች ጀልባዎች ቀላል ናቸው፤ የእኛ አይደለም። የሰው ትከሻ በየቀኑ መለመን ደግሞ አይቻልም።

«ጋሪ ያስፈልገኛል» አለኝ። «አንድ ሰው ብቻውን የሚጎትተው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ከጋሪ ሌላ ወሬ አልነበረም።

መጀመሪያ የታሰበው የእድራችን ጋሪ ነው። የድንኳን ብረትና አግዳሚ ወንበር የሚጫንበት፣ ረጅም፣ ባለ ሁለት እግር ነበር። እንዲህ ያለ እንሥራ ወይስ ሌላ የሚለውን ለማወቅ ባለቤቴ ለአንድ ቀን ሊዋሰው ፈለገ። የእድሩ ዳኛ ቤት አብረን ሄድን። ከሁለት ሽማግሎች ጋር ፀሐይ ይሞቃሉ።

«የእድር ዕቃ ለሐዘን ነው» አሉ ዳኛው ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ።

«ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ነው። ጭኜ ልየው ብቻ።»

«ድንኳኑን ለሠርግ ስጡኝ ያለኝም ነበር። ያንን ከልክዬ ለገንዳ ልስጥ?»

«ጀልባ ነው፣ ጋሼ።»

«ሞተ?»

«ማን?»

«ጀልባው። ከሞተማ ምን ችግር አለ፤ መዋጮህን አላቋረጥክም። ጋሪውም ወንበሩም ይገባዋል። እኔ ራሴ እቀብረዋለሁ።»

ሽማግሎቹ እያሳሉ ሣቁ። ባለቤቴ አልሣቀም። መንገድ ላይ ግን፣ «ያም ቢሆን አይሆንም ነበር፤ እግሩ ቀጭን ብረት ነው» አለኝ። ይህን ቀድሞውንም አይቶት ከሆነ ለምን እንደሄድን አልጠየቅሁትም። መሄድ ስለነበረበት ነው የሄደው።

ከዚያ ወደ አንድ ብየዳ ቤት ሄድን። በያጁ፣ ልጆች ቁልቁለት የሚንሸራተቱበትን ዓይነት፣ በኩሽኔታ የሚሽከረከር ጋሪ ከወፍራም ፌሮ ሠራልን። ኩሽኔታዎቹ ከትልቅ መኪና የወጡ ነበሩ። ሲገፋ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አስነሣ።

«አስፋልት ላይ በአንድ ጣትሽ ትገፊዋለሽ» አለኝ በያጁ።

«ሐይቁ ዳር አስፋልት የለም።»

«እና ምን አለ?»

«አሸዋ።»

«አንቺ የሐይቅ አሸዋ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። እንግዲህ እኩል ነን።»

ነገሩ ቀልድ ቢሆንም እውነት ነበር። ኮልፌ ጭቃ እናውቃለን፣ ድንጋይ እናውቃለን፣ አሸዋ ግን የምናውቀው ለግንባታ ሲራገፍ ብቻ ነው። ይህንን ስናገር ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ቀበሌው አዳራሽ ያሠራ ነበር፤ ከመሠረቱ አጠገብ ሰፊ የአሸዋ ክምር ተዘርግቷል።

የአሸዋው ዘበኛ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ። ጀልባውን ጭነን ስንደርስ ዱላቸውን አግድም ያዙ።

«ይኼ የሕዝብ አሸዋ ነው።»

«አንወስድም፣ አባባ። እንሄድበታለን እንጂ።»

«ሕዝቡ ራሱ ያልሄደበትን እናንተ ልትሄዱበት?»

ባለቤቴ ነገሩን አስረዳቸው። አሸዋው ተጠርጎ እንደሚመለስ ቃል ገባላቸው። ዙሪያውን አይተው ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። ጋሪው አሸዋው ላይ እንደወጣ ኩሽኔታዎቹ ሰመጡ። ሲጎተት እየባሰ ሄዶ ብረቱ ራሱ አሸዋ ውስጥ ገባ።

«ይኼ ጋሪ ሳይሆን ችካል ነው» አሉ ዘበኛው።

ቀጥሎ ከአንድ ባለጋሪ ትልልቅ የፈረስ ጋሪ ጎማዎች ተዋስን። እነዚህ አሸዋውን ቻሉት። ግን ጀልባው ከደረት በላይ ወጣ። እኔና እሱ፣ ዘበኛውም ተጨምረው፣ በስንት መከራ ጫንነው። አንድ ሰው ብቻውን ደክሞ ከውሃ ወጥቶ እዚያ ላይ ሊጭነው አይችልም። ደግሞ ወደ ቤት ስንመልሰው የግቢው በር አላስገባ ብሎ ጀልባው ውጭ አደረ፤ ባለቤቴም እሱን እየጠበቀ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ አደረ።

ቅበላው እየቀረበ ነበር። ሰው ሥጋ ይገዛል፤ እኛ ጎማ እንፈልጋለን። አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ከአውቶቡስ ወረድኩ። የበልጉ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ይሄዳሉ፤ አንዷ ተረከዘ ቀጭን፣ ሌላዋ ጠፍጣፋ የላስቲክ ጫማ አድርጋለች። የመጀመሪያዋ በየእርምጃው ተረከዟን ከጭቃ ትነቅላለች። ሌላዋ ከእሷ እጥፍ ወፍራም ናት፤ ግን ጭቃው ላይ ሳትሰምጥ ሄደችበት። ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኩት። ትንሽ ይሁን፣ ግን ሰፊ ይሁን አልኩት። ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሲመለስ ከሞተች ትንሽዬ ሴይቼንቶ ታክሲ የተነቀሉ ሁለት ጎማዎች ይዞ መጣ።

በያጁ ዝቅ ያለ ጋሪ ሠራባቸው። ጀልባው የሚያርፍበትን ቦታ ገለባ በሞላሁት ጆንያ ጠቀለልኩት። አሁን ጀልባው ከጉልበት ብዙም አይበልጥም፤ አፍንጫውን ብድግ አድርጎ፣ ጋሪውን ከሥሩ ገፍቶ፣ አንድ ሰው ይጭነዋል። ወደ አሸዋው ወሰድነው። አልቀናም። የግራው ጎማ ሲሰምጥ የቀኙ ስለሚሄድ ጋሪው በራሱ ዙሪያ ዞረ።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «የቀኙ ያስተነፍሳል» አለ። «ሄጄ አስነፍቼው ልምጣ።»

«የሚሄደው እኮ የተነፈሰው ነው» አልኩት።

ዘበኛው ሣቁ። «እውነቷን ነው። ደህነኛውንም አስተንፍሰው።»

የግራውን አስተነፈሰው፤ እስኪተኛ ሳይሆን እስኪላላ ድረስ። ከዚያ የጀልባውን አፍንጫ ይዞ ሄደ። ክምሩን ወጣ፣ ወረደ፣ ዞሮ መጣ። ብቻውን ነበር። ዘበኛው አሸዋውን ለመጥረግ አካፋ ሲያቀብሉት እጃቸውን ሳመ። ይህን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ባልደረባው የሚነዳው የጭነት መኪና ወደ ደቡብ የሚሄደው ከቅበላው ቀን ቀደም ብሎ ነበር። የመንግሥት መኪና ስለሆነ ከመንገዱ ወጥቶ ሰፈር ውስጥ አይገባም፤ ጦር ኃይሎች ላይ ይጠብቀናል፤ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ተነሣን። በየማዕዘኑ ምንድነው የሚል እንዳያስቆመን ጀልባውን መሸፈን ነበረብን። ያን ያህል ርዝመት የሚሸፍን ጨርቅ ከአልጋ ልብሳችን በቀር አልነበረም፤ ሐምራዊ ነው። አለበስኩትና በገመድ አሰርኩት። ብርዱ ከባድ ስለነበር ነጠላዬን እስከ ጆሮዬ ተከናነብኩ። እሱ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ከፊት ይጎትታል፤ እኔ ከኋላ እይዛለሁ።

ገና ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ስናልፋቸው ከኋላችን ገብተው መሄድ ጀመሩ። ከዚያ ሁለት ሠራተኞች ተከተሉ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሴቶች። አስከሬን ሲያልፍ መቆም፣ ጥቂት እርምጃም መሸኘት የአገሩ ደንብ ነው። ያኔ ነው ከነአልጋ ልብሱ፣ ከነነጠላዬ፣ ከነኮቱ ምን እንደምንመስል የታየኝ።

ከጀርባዬ ሁለት ሰዎች ይንሾካሾካሉ።

«ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ጥሩምባ አልተነፋም እኮ።»

«ዝም በል። የማይነፋለት ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም። የማይነፋለት ማለት ምን እንደሆነ በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። ልጁን አጥቶ አታልቅስ የተባለ ቤት በየሰፈሩ ነበር። ሰዎቹ ሬሳው የማን እንደሆነ ስላላወቁ ነው የተከተሉት፤ ቢያውቁ ኖሮ ምናልባት ይፈሩ ነበር።

ባለቤቴ አንገቱን ሳያዞር፣ «ምን ሆነው ነው?» አለኝ።

«ሬሳ መስሏቸው ነው።»

«ንገሪያቸው።»

«አንተ ንገራቸው።»

እሱም አልተናገረም፣ እኔም አልተናገርኩም። ባርኔጣውን ላወለቀ ሰው ምን ይባላል? ገንዳ ነው ይባላል? በሞት እንደቀለድን ነው የሚቆጠረው። በሌላ በኩል ሰዓቱ ይሄዳል። ቀብር የሚሸኝ ሰው አይሮጥም፤ መንገዱ ሞልቶ በዝግታ ይሄዳል፣ እኛም መሃሉ ነን። ባለቤቴ ዘዴ አድርጎ እርምጃውን ጨመር ሲያደርግ አንድ ጎልማሳ ከጎን መጥቶ ጋሪውን ያዘለት።

«ቀስ በል፣ ወንድሜ። ምን ያስቸኩልሃል፤ እሱ እንደሆነ ደርሷል።»

የባለቤቴ የአንገት ደም ሥር ተገትሮ አየሁ። መኪናው ካመለጠው ሌላ መኪና የለም፤ ጾሙ ይገባል፤ ቦታው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ደጃፉ ላይ ለስንት ዓመት እንደሚቆም አስቤ እኔም ጋሪውን ከኋላ ገፋ አደረግሁ። ሰው ግን ከፊታችንም ገብቶ ነበር።

ከእኛ ቤት ትንሽ ራቅ ብለው የሚኖሩ አንዲት ሴት ከበራቸው ወጡ። እትዬ እንላቸዋለን። አንድ ልጃቸውን ከቤት ወስደውት አልተመለሰም፤ በድኑንም አላገኙም፤ እርማቸውንም አላወጡም። ወደ ጋሪው መጥተው የአልጋ ልብሱን ጫፍ ያዙ። በእጃቸው ከጫፍ እስከ መሃሉ ዳበሱት።

«ቁመቱ ይኼው ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። ድምፅ አውጥተው አልነበረም። እንደዚያ ሆነው ብዙ ሄዱ። እኔ አጠገባቸው ነኝ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

«እትዬ፣ ሰው አይደለም። ጀልባው ነው።»

አላዩኝም።

«የናንተው ገንዳ?»

«አዎን።»

ጨርቁን አልለቀቁም። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ «እስከ ድልድዩ ልሂድ» አሉኝ።

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እሱ በየመሃሉ ፀሐይዋን ያያል።

በዚህ ላይ የእድሩ ዳኛ እያለከለኩ ደረሱ። አንድ ሰው ከእድርዎ ሬሳ ወጥቶ ይሄዳል ብሏቸው ኖሮ ጋቢያቸውን እንኳ በቅጡ አልለበሱም።

«ሳይነገረኝ? ጥሩምባ ነፊው ተኝቶ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ለማፈን እየሞከሩ። መልስ ሳይጠብቁ የአልጋ ልብሱን ከእኔ በኩል ገለጥ አደረጉት። የዘንግ ማቆሚያው ብረት ብቅ አለ። ባለቤቴን አዩት። እኔን አዩኝ። አሁን ይጮሃሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ በወዲያኛው ጎን ያሉትን እትዬን እያዩ ነበር። ከዚያ ጨርቁን ወደ ቦታው መለሱት፣ በመዳፋቸውም አስተካከሉት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከጎናቸው ሆነው ሄዱ።

«ጋሼ፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው» አላቸው ባለቤቴ በጥርሱ መሃል።

«ዝም ብለህ ጎትት» አሉት።

ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ እትዬ ቆሙ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ ሰዉ ዞሩ። ሐዘንተኛ ቀብር ያጀበውን ሰው እንደሚያሰናብት ነው የቆሙት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። «ሸኝታችሁልኛል። በቃ፣ ተመለሱ። ሥራ አላችሁ።»

ማንም ወዴት ነው የምትወስዱት አላለም። አንድ በአንድ እየቀረቡ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» እያሉ እጃቸውን ጨበጡ። ጋሪውን የያዘው ጎልማሳም ለቀቀው። ዳኛው ክንዳቸውን ይዘው አብረዋቸው ተመለሱ። ድልድዩ ላይ እኔና ባለቤቴ ብቻችንን ቀረን።

«ያዢ» አለኝ፣ ሮጥን።

ከድልድዩ ማዶ ጭቃ ነበር፤ ጎማዎቹ አለፉት። ከዚያ በኋላ ስላለው መንገድ የማስታውሰው ነገር የለም፤ ገመዱ መዳፌን መላጡን ብቻ። ጦር ኃይሎች ስንደርስ የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። ባልደረባው በመስኮት አየን።

«ለመሄድ ፍሬን ፈትቼ ነበር» አለ። «ምነው፣ ቀብር የዋልክ ነው የምትመስለው።»

ረዳቱና ሁለት ወዛደሮች ጀልባውን ጫኑ፣ ጋሪውንም ከጎኑ አስተኙት። ባለቤቴ ላዩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጁን አነሣልኝ፤ እኔም አነሣሁ። ቢሮ አርፍጄ ገባሁ።

ከዚያ ወሬ ጠፋ። ስልክ የለን፣ የሚመጣ ሰው የለ። ታይፕ ላይ ተቀምጬ አንዱን ደብዳቤ ደጋግሜ አበላሽ ነበር። አሸዋው ሌላ ዓይነት ቢሆንስ እላለሁ። ጎማው ጭራሽ ቢተኛስ እላለሁ። ጾሙ ገባ። እትዬን መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ስለዚያ ጠዋት አንድም ነገር አያነሡም፤ የሚሉኝ፣ «ደረሰ ወይ?» ብቻ ነው። አላወቅሁም እላቸዋለሁ። አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ።

ሾፌሩ ሲመለስ በጠዋት በራችንን አንኳኳ። ለመቀመጥ ጊዜ አልነበረውም።

«ተጽፏል» አለኝ።

«ጋሪውስ?»

«ሄደ። ሊቀመንበሩ ከጀልባው ይልቅ ጋሪውን ነው ያዩት። ጎማህ ጎድሏል፣ አስነፋው ቢሉት እምቢ አላቸው። ዓሣም ሊልክልሽ ነበር፤ መኪናዬን ያገማዋል ብዬ ያልተቀበልኩት እኔ ነኝ።»

እሱን ሸኝቼ ነጠላዬን ለበስኩና ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

«ደርሷል» አልኳቸው። «ማኅበሩ ተቀብሎታል።»

«ውሃው ላይ ነው እንግዲህ?»

«ውሃው ላይ ነው።»

«በደህና ይግባ በደህና ይውጣ» አሉ። ግቢ አሉኝ፤ ገባሁ። ያን ቀንም ቢሮ አረፈድኩ።